«ገብቶናል» ያሉኝ አራት ሰዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመጡልኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። የአጠቃቀም መመሪያ ጽፈው አንባቢው ምን እንደገጠመው ማወቅ ያቃታቸው ሰዎች ናቸው የጻፉልኝ። ደስ ብሎኛል። እዚህ ጎንደር የሕክምና መሣሪያ ስጠግን ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከመሣሪያው በላይ ያስቸገረኝ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ወረቀት ነበር። ኋላ ላይ ወረቀቱን እኔው እጽፍ ጀመር። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

«ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የምንሠራ ልጆች ነን። 40 ገጽ የአማርኛ ማኑዋል ጽፌ መጨረሻው ላይ የአስተያየት ፎርም አያይዣለሁ። በአራት ወር የተመለሰልኝ ስድስት ፎርም ነው። ስድስቱም ‹በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ› ይላሉ። ስልኩ ግን ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። የሚጠይቁኝ ደግሞ ማኑዋሉ ላይ ያለውን ነገር ነው። ምን ይሻለኛል?» ከፒያሳ

ወንድሜ፣ አስተያየቱ እኮ በየቀኑ እየደረሰህ ነው። በስልክ ስለመጣ አስተያየት አልመሰለህም እንጂ።

ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዛና ስልኩ አጠገብ አስቀምጥ። በተደወለ ቁጥር ጻፍ። ሰውየው ምን ሊሠራ ፈልጎ ነበር? የት ላይ ቆመ? ማኑዋሉን ከፍቶት ነበር ወይስ ጭራሽ አላየውም? የደዋዩን ቃል ሳትነካካ እንዳለ ጻፈው። አንተ «ስቶክ ማስተካከያ» ያልከውን እሱ «የጎደለውን መሙያ» ካለው፣ «የጎደለውን መሙያ» ብለህ መዝግብ። ብዙ ጊዜ ሰው ማኑዋል ገልጦ የፈለገውን የሚያጣው እሱ በሚጠራው ስም ስላልተጻፈ ነው። ከወር በኋላ ደብተሩን ስታገላብጥ አንድ ጥያቄ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ተደግሞ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ የምታስተካክለው ገጽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ስድስቱ ፎርሞች። እነሱን የሞላቸው ይሉኝታ ነው። ሰው ደክሞ የሠራውን ነገር ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት እኛ ዘንድ ይከብዳል። ሰው ቤት ተጋብዘን ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ብለን ነው የምንነሳው። መመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። «አልገባኝም» ማለት «አላዋቂ ነኝ» ማለት መስሎ ይሰማል። ስለዚህ ያልገባው ሰው ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት ቃል ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ለአውቶክሌቭ የአንድ ገጽ መመሪያ ጻፍኩ። አውቶክሌቭ የሕክምና ዕቃዎችን በታፈነ እንፋሎት ከጀርም ነጻ የሚያደርግ ማሽን ነው። ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል። ክዳኑ ያለጊዜው ከተከፈተ እንፋሎቱ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ በትልልቅ ፊደል «ግፊቱ ሲወርድ ክዳኑን ክፈቱ» ብዬ ጻፍኩ። ላሚኔት አስደርጌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አራት ሠራተኞች ሰብስቤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ ገብቶናል፤ በጣም ግልጽ ነው፤ እግዜር ይስጥልን» አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን ለሌላ ጥገና እዚያው ክፍል ገባሁ። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ጠፍቷል። የግፊት መለኪያው መርፌ መውረድ ጀምሯል። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት መርፌውን አዩ። ቀና ብለው ወረቀቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ክዳኑ መቆለፊያ ሰደዱ። ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ።

«ምነው ልጄ? ሲወርድ ክፈቱ ይላል እኮ። ይኸው እየወረደ ነው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። «ሲወርድ» በአማርኛችን «ወርዶ ሲያበቃ» ማለትም ይሆናል፣ «እየወረደ ሳለ» ማለትም ይሆናል። እኔ አንደኛውን አስቤ ጻፍኩ፤ እሳቸው ሁለተኛውን አነበቡ። አራቱም «ገብቶናል» ሲሉኝ አልዋሹም። ለእያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገብቷቸዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ወረቀቱን ገንጥዬ «መርፌው ዜሮ ላይ እስኪቆም ድረስ ክዳኑን አትንኩ» ብዬ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ «ገባችሁ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «እስቲ ሥሩልኝ» ነው የምለው። አፍ ይሉኝታ ያውቃል፤ እጅ ግን አያውቅም።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ግርግሩ በረድ ሲል፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ሂድ። ማኑዋሉን ለሠራተኛዋ ስጣትና እውነተኛ ሥራ አሠራት። «ዛሬ 200 ፍሬ አሞክሲሲሊን ገብቷል። ከነሚያልቅበት ቀን መዝግቢው» በላት። ከመጀመሯ በፊት ደግሞ ይህን ንገራት። «የምፈትነው ወረቀቱን ነው፤ አንቺን አይደለም። ከጠፋብሽ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው።» እየሠራች የምታስበውን ጮክ ብላ እንድትናገር ለምናት። ከዚያ ዝም በል።

ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። ጣቷ የተሳሳተ ቦታ ሲሄድ ስታይ ምላስህን ይበላሃል። «እዚህ ጋ ነው እንዴ?» ብላ ቀና ስትል መልሱን አትስጣት። «እኔ እዚህ ባልኖር ምን ታደርጊ ነበር?» በላት። መጀመሪያ የገለጠችው የትኛውን ገጽ ነው? ደግማ ያነበበችው መስመር የትኛው ነው? ማኑዋሉን አስቀምጣ ጓደኛዋን የጠራችው የት ላይ ስትደርስ ነው? እሱን ጻፍ። ከተቻለ ደግሞ አንተ ራስህ አትሂድ፤ ማኑዋሉን ያልጻፈ የሥራ ባልደረባህን ላክ። ጸሐፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ ሰው ይቸገራል።

ስንት ሰው ያስፈልጋል ብለህ እንዳትጨነቅ። ያኮብ ኒልሰን የተባለ ዴንማርካዊ ባለሙያ በ2000 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ነገር አለ። በእሱ ስሌት አምስት ሰው በደንብ ካየህ 85 በመቶ የሚሆነውን ችግር ታገኛለህ። ከዚያ በላይ ስታበዛ ያየኸውን መልሰህ ነው የምታየው። የተሻለው አምስት ሰው አይቶ ማስተካከል፣ ከዚያ በሌሎች አምስት መሞከር ነው። ይህ የሚሠራው ግን አንባቢዎችህ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። ባንኮኒ ላይ የምትሸጠዋና ዕቃ ግምጃ ቤት ያለው ሰው ሥራቸው ለየቅል ነው። ለየብቻ እያቸው።

ስለ 40 ገጹም ልበልህ። ጆን ካሮል የተባለ ተመራማሪ በ1980ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ሰዎች ኮምፒውተር ሲለማመዱ ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። ያየው እኛም በየቀኑ የምናየውን ነው። ሰው ማኑዋል ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ አያነብም። ሥራውን ይጀምራል፤ ሲጠፋበት ብቻ ገለጥ ያደርጋል። የአንተ ፎርም ያለው 40ኛው ገጽ ላይ ነው። ተቸግሮ 12ኛው ገጽ ላይ የቀረው ሰው እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ፎርሙን ከመጨረሻ አንሳውና በየገጹ ግርጌ አንድ መስመር ጻፍ። «እዚህ ገጽ ላይ ከተቸገሩ ይደውሉልን፤ የገጹን ቁጥር ብቻ ይንገሩን።» ደብተርህ ያን ጊዜ ይሞላል።

«ሥልጠና ከሰጠን በኋላ ስለ መማሪያ ሰነዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት መጠይቅ እናስሞላለን። ውጤቱ ሁልጊዜ ከ4.5 በላይ ነው። ሠልጣኞቹ ግን መሥሪያ ቤታቸው ሲመለሱ ሰነዱን አይጠቀሙበትም። መጠይቁ ምን ጎደለው?» ከማራኪ

እስቲ ሰዓቱን ያስቡት። መጠይቁ የሚሞላው በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአበል ፊርማ ሊጀመር ሲል ነው። ሰው ቦርሳውን አንግቷል። ከሩቅ የመጣው መኪና እንዳያመልጠው ይሰጋል። አሠልጣኙም ሦስት ቀን አብሮት ቡና የጠጣ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት 2 ነጥብ የሚሰጥ ማን ይኖራል? ደግሞ ሰነዱን ገና አልተጠቀመበትም። ያልተቀመሰ ምግብ ላይ ነው አስተያየት የጠየቁት።

ሁለት ሳምንት ይጠብቁና ይደውሉ፤ ወይም ይሂዱ። ነጥብ አይጠይቁ። «ሰነዱን መጨረሻ የከፈትሽው መቼ ነው? ምን ፈልገሽ ነበር? አገኘሽው? ካላገኘሽው ማንን ጠየቅሽ?» ይበሉ።

«ማንን ጠየቅሽ» የምትለዋ ለእኔ ከሁሉም ትበልጥብኛለች። በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሲቸግረው የሚሄድበት አንድ ሰው አለ። ማዕረጉ ትልቅ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ዝምተኛ ነው። እሱ ሰነዱ የማይመልሳቸውን ጥያቄዎች በሙሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። እሱን ፈልገው ያግኙትና ቡና ይጋብዙት። አቦሉ ላይ «ሰነዱ ጥሩ ነው» ይልዎታል። ቶናው ላይ «አንዳንድ ነገር ግን አለ» ይላል። በረካው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ያውጡ።

ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ግድግዳውን ይዩ። በእጅ የተጻፈ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ማሽኑ ላይ ካዩ ፎቶ ያንሱት። ያ ወረቀት የእርስዎ ሰነድ የጎደለው ነገር ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው ሞልተውታል። ሰነዱንም ይግለጡት። የቆሸሸውና የተጣጠፈው ገጽ የሚፈለገው ነው። ነጭ እንደሆነ የቀረው ክፍል አልተነካም ማለት ነው፤ ለምን እንዳልተነካ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ላሚኔት። በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ማንም አስተያየት አይጽፍም። አልቋል፣ ጸድቋል ማለት ነው። አስተያየት ሲፈልጉ ኅዳጉ ሰፊ የሆነ ፎቶ ኮፒ ይስጡ። ላዩ ላይ «ረቂቅ» ብለው ይጻፉ። ከእርሳስ ጋር ይስጡት፤ እስክሪብቶ ሰው ያስፈራል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ያውቀዋል። ጸሐፊው የዘለለው ቃል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ በትንንሽ ፊደል ገብቶ ይታያል። ያን ያህል የተለፋበት ብራና ላይ እርማት መጻፍ ነውር ካልሆነ፣ የእኛ ፎቶ ኮፒ ላይ ምን ገዶን?

«ደምቢያ ውስጥ የእርሻ ዕቃ መሸጫ አለኝ። የውሃ መሳቢያ ሞተር እሸጣለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መመሪያ በውጭ ቋንቋ ስለሆነ በራሴ ወጪ ሁለት ገጽ አማርኛ አሳትሜ አብሬ እሰጣለሁ። ከገዢዎቼ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ሲበላሽ ግን እኔው ጋ ነው የሚመጡት። ከማያነብ ሰው አስተያየት እንዴት ይሰበሰባል?» ከቆላ ድባ

በራስዎ ወጪ ማሳተምዎ በጣም ደስ ብሎኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሞተሩን ሸጦ ዘወር የሚል ብዙ ነው።

መጀመሪያ አንባቢዎ ማን እንደሆነ እንወቅ። ገበሬው ባያነብም ቤቱ ውስጥ የሚያነብ ልጅ አይጠፋም። እርስዎ የጻፉት ለገበሬው መስሎዎት ይሆናል፤ የሚያነበው ግን ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጁ ናት። ስለዚህ አንድ ቀን ሞተር የገዛ ሰው ቤት ይሂዱ። ልጅቱ ጮክ ብላ ታንብብ፤ አባትየው ይስማ። የተደናቀፈችበትን ቃል ምልክት ያድርጉበት። አባትየው አቋርጦ «ምን ማለት ነው?» ያለበትን ደግሞ ሁለት ምልክት ያድርጉበት።

ከዚያ ሞተሩ አጠገብ ይሂዱ። ከሞተሮችዎ ብዙዎቹ ከመነሳታቸው በፊት የፓምፑ ሆድ ውሃ መሞላት አለበት። ደረቁን ከሠራ ውሃ አይስብም፤ ውስጡ ያለው የውሃ ማገጃ («ሲል» የሚሉት) ይቃጠላል። ወረቀቱ «ፓምፑን ውሃ ሙላ» ይል ይሆናል። በየት በኩል? እስከ የት? ቤንዚን የሚገባበትም ዘይት የሚገባበትም ቀዳዳ አለ እኮ። ሰውየው ጀሪካኑን አንስቶ ወዴት እንደሚያዘነብል ዝም ብለው ይመልከቱ። ወደተሳሳተው ሲሄድ ግን እጁን ይያዙ፤ ሞተር ውድ ነው።

ፈተና እንዳይመስልበት ጥያቄውን ዞር አድርገው ይጠይቁ። «ጎረቤትህ ነገ ይህን ሞተር ቢገዛ እንዴት ብለህ ታሳየዋለህ?» ይበሉት። ሰው ለጎረቤቱ ሲያስረዳ ያውቅበታል። የዘለለው ነገር ወረቀትዎ ያላስረዳው ነው። የተናገረበትን ቃል ደግሞ ይያዙት። ለሚቀጥለው ኅትመት ከእርስዎም ከእኔም ቃል ይሻላል።

ሥዕል ካለዎት ሥዕሉንም ሰው «ያንብበው»። ወረቀቱን ይስጡና «ምን ይታይሃል?» ይበሉ እንጂ እርስዎ አያስረዱ። እኔ አንድ ጊዜ ትንሽ ቡሎን በክብ ውስጥ አጉልቼ አሳይቼ ነበር። አንድ አባት ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይሄን የሚያክል ቡሎን እኛ ጋ የለም» አሉኝ። በሥዕሉ ላይ የቡሎኑን እውነተኛ መጠን ከእጅ ጣት ጋር አስጠግቼ ስሥለው ነው ነገሩ የተፈታው።

ተበላሽቶ የሚመጣልዎት ሞተርም አስተያየት ነው። «ምን አደረግኸው?» ካሉት ሰውየው ራሱን ይከላከላል። «ከመቆሙ በፊት ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን ሠራህ?» ይበሉት። ታሪኩን ይነግርዎታል። ታሪኩ ውስጥ ወረቀቱ የሳተው ቦታ አለ።

ሰው ያለበት ድረስ ሄዶ ማየት ለአገራችን አዲስ አይደለም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹን ገጠር ድረስ በቡድን ይልክ ነበር። የእርስዎ ቆላ ድባም ከተላከባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

«የውስጥ አሠራር ሰነድ አዘጋጅቼ ለ12 ሰዎች ሰጠሁ። አንዱ አሳጥሪው ይለኛል፤ ሌላው ዘርዝሪው። አንዳንዱ አስተያየት ደግሞ ጭራሽ ስህተት ነው። ማንን ልስማ?» ከአዘዞ

እህቴ፣ ሁሉንም ስሚ፤ ያሉሽን ሁሉ ግን አታድርጊ። አንባቢ የት እንዳመመው ያውቃል። መድኃኒቱን ማዘዝ የአንቺ ሥራ ነው። «አሳጥሪው» ያለሽና «ዘርዝሪው» ያለሽ ሰው ሁለቱም «የፈለግኩትን አጣሁት» ሊሉሽ ይሆናል። መልሰሽ «ምን ፈልገህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ሥራውን ለአሥር ዓመት የሚያውቀው ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ትናንት የተቀጠረችው ግን እያንዳንዱን ደረጃ ትፈልጋለች። ምናልባት መልሱ ሰነዱን ለሁለት መክፈል ይሆናል። አንዱ ባለ አንድ ገጽ፣ አንዱ ዝርዝሩ።

ከሁሉም በላይ ልብ የምትይው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ የተነበበበትን ቦታ ነው። ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት። መምህራኑ አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ ሁለትና ሦስት ምሥጢር ያወጡለታል። እዚያ ሀብት ነው፤ ትውልድ ጠብቆ ያቆየው ሀብት። የማሽን መመሪያ ላይ ግን «አንድም» ከተገኘ ሰው ይጎዳል። የእኔ «ሲወርድ» እንዲህ ነበር። ስለዚህ አስተያየት ስትሰበስቢ እንደ ትርጓሜ ተማሪ ጻፊ። «ይህን መስመር የመጀመሪያው ሰው እንዲህ አለው፤ አንድም ሁለተኛዋ እንዲህ አለችው።» ሁለተኛ «አንድም» የተጻፈበት መስመር ሁሉ እንደገና ይጻፍ።

«ስህተት» ያልሽውንም አስተያየት አትጣዪው። አንድ የላቦራቶሪ ልጅ እኔ ጋ መጥቶ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለኝ። ከውጭ የተተረጎመው መመሪያ ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከታችሁ 100 ዲግሪ ማሳየቱን አረጋግጡ ይላል። የእሱ 93 ላይ ቆሟል። ሁለት ቴርሞሜትር ለውጧል፤ ያው 93። ቴርሞሜትሮቹ ደህና ነበሩ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የልጁ ማብራሪያ ስህተት ነበር። ያየው ግን እውነት ነው። የተሳሳተው መመሪያው ነው፤ ለሌላ አገር ተጽፎ እኛ ጋ መጣ። ያን ቀን የአውቶክሌቮቹንም ቁጥር መልሼ አየሁ። ምክንያቱም ከፍታ ላይ 121 ዲግሪ ለመድረስ መለኪያው የሚያሳየው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከፍ ማለት አለበት። ያ «የተሳሳተ» አስተያየት ባይመጣ እኔም አላየውም ነበር።

«ፎርም ይሻላል ወይስ ቴሌግራም?» ከቀበሌ 18

ቴሌግራም፣ ያውም በድምፅ። ሰው ለመጻፍ ይሰንፋል፤ ለመናገር አይሰንፍም። የተቸገረበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ግማሽ ደቂቃ ያውራበት። ስልኩ ኢንተርኔት ለሌለው ተራ ጥሪ ይበቃል። ለ30 ሰዎች በተከፈተ ግሩፕ ላይ ግን አትጠይቁ። የመጀመሪያው «አሪፍ ነው» ካለ ሁሉም አውራ ጣት ብቻ ነው የሚልከው።

«የአስተያየት ሳጥን አለን። ባዶ ነው። ሠራተኞች ይፈራሉ መሰለኝ። ምን ይደረግ?» ስሜ ይቆይ ያሉ አንባቢ

ሳጥኑ የተሰቀለው የት ነው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ከኃላፊው በር ትይዩ ናቸው። ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። ሰዎቹ ቢፈሩ አልፈርድባቸውም።

ለመመሪያ ሰነድ ሳጥን አያስፈልግም። የመመሪያውን ኮፒ ማሽኑ ጎን ለጥፉት። እርሳስ በክር አስራችሁ አንጠልጥሉ። «ግር ያለዎት መስመር ላይ ነጥብ ያድርጉ» ብላችሁ ጻፉ። ነጥብ የእጅ ጽሑፍ የለውም። በሳምንቱ ነጥብ የበዛበትን መስመር ትቆጥራላችሁ። ኃላፊዎቹም አስቀድመው አንድ ቃል ይስጡ። በነጥብ የተነሳ ሠራተኛ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። ቃላቸውን ካልጠበቁ ያ እርሳስ ሁለተኛ አይነካም።

«አስተያየት የሰጡኝን ሰዎች እንዴት ላመስግን? ገንዘብ የለኝም።» ከአራዳ

ዶናልድ ክኑት የተባሉት የታወቁ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ በመጻሕፍታቸው ውስጥ ስህተት ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚል ቼክ ይልኩ ነበር። ብዙዎቹ ባንክ ወስደው አልመነዘሩትም። በፍሬም አድርገው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ሰው የሚፈልገው ገንዘቡን እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የተናገረው ተሰምቶ እንደሆነ ማወቅ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ተመልሰሽ ሂጂና የተለወጠውን መስመር አሳዪ። «አንቺ ባልሽው መሠረት ይኸው ተስተካከለ» በይ። ዝም ብለሽ ካስተካከልሽው ሰውየው ቃሉ ሜዳ ላይ የቀረ ይመስለዋል፤ ሁለተኛ አይናገርም። ያልተቀበልሽውንም ምክንያቱን ንገሪው።

እኔ ያን የአውቶክሌቭ ወረቀት እንደገና ስለጥፍ ከሥሩ በትንሽ ፊደል ቀኑንና «በዕቃ ማዘጋጃ ክፍል ሠራተኞች የታረመ» የሚለውን ጨመርኩ። እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ከሥር ያለውን ሁለቴ አነበቡት። በስልካቸው ፎቶ እንዳነሳላቸው ጠየቁኝ፤ አነሳሁላቸው። ከዚያ ጣታቸውን ከፍ አድርገው አራተኛው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይቺም ልጄ፣ ‹ውሃው ሲጎድል› ትላለች። እስከ የት ሲጎድል ነው?»